የእናት ደም ስለ እንግዴ ልጅ ጤና የሚናገረው

እንግዴ ልጅ በስሙ “ልጅ” ይባል እንጂ ዕድሜው ከእርግዝናው አያልፍም። ሕፃኑ እንደተወለደ ተከትሎ ይወጣል፤ በብዙ የገጠር አካባቢዎችም ተቀብሮ ይረሳል። ከዚያ በፊት ግን ለፅንሱ ሳንባም፣ አንጀትም፣ ኩላሊትም ሆኖ የሚያገለግለው እርሱ ነው። በእርግዝናው መጨረሻ ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ቅርጹ ክብ ዳቦ ይመስላል። ውስጡ ግን እንደ ዛፍ ሥር በተከፋፈሉ ጥቃቅን ዘለላዎች የተሞላ ነው። ዘለላዎቹ ተዘርግተው ቢለኩ ከ10 ካሬ ሜትር በላይ ስፋት አላቸው። የእናት ደም በእነዚህ ዘለላዎች ዙሪያ ይፈሳል፤ የፅንሱ ደም ደግሞ በውስጣቸው ያልፋል። ሁለቱ ደሞች በቀጭን ግድግዳ ተለያይተው ምግብና አየር ይለዋወጣሉ እንጂ በጤናማ ሁኔታ አይቀላቀሉም።

ይህን አካል አዋላጇ በእጇ ዳስሳ ጤናውን ልታውቅ አትችልም። አልትራሳውንድ የተቀመጠበትን ቦታና ቅርጹን ያሳያል፤ የደሙን ፍሰትም በከፊል ይለካል። ሥራውን በአግባቡ እየሠራ ስለመሆኑና ግድግዳው ስለመሳሳቱ ግን ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። ምስክሩ የሚገኘው በእናቲቱ ክንድ ላይ ከሚቀዳ ጥቂት ሚሊ ሊትር ደም ነው።

ጉዳዩ ለገበሬው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የላም እንግዴ ልጅ ከሰው የተለየ አሠራር አለው። በላም ማኅፀን ውስጥ የእናቲቱ ደም ከጽንሱ ሽፋን ጋር በቀጥታ አይገናኝም፤ በመካከል በርካታ የሴል ግድግዳዎች አሉ። በዚህ ምክንያት በሽታ ተከላካይ ፀረ እንግዳ አካላት ከላሟ ወደ ጥጃው በማኅፀን ሳሉ አያልፉም። ጥጃው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር ካልጠባ የሚታመመውና የሚሞተውም ለዚህ ነው። የሰው እንግዴ ልጅ ግን በእናቲቱ ደም የተነከረ ነው። በመሆኑም ፀረ እንግዳ አካላት ወደ ፅንሱ ይሻገራሉ፤ ከእንግዴ ልጁ የሚመነጩ ንጥረ ነገሮችም በቀላሉ ወደ እናቲቱ ደም ይገባሉ። መሻገሩ ጥቅም ብቻ ሳይሆን ጉዳትም ሊያመጣ እንደሚችል ወደ ታች ይታያል።

ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች አንዱን አብዛኛው የከተማ ነዋሪ ያውቀዋል። በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው የእርግዝና መመርመሪያ የሚለየው ኤችሲጂ የተባለውን ሆርሞን ሲሆን፣ ይህን ሆርሞን የሚሠራው እንግዴ ልጁ ነው። በሽንት ላይ ሁለት መስመር ሲታይ እንግዴ ልጁ ሥራ መጀመሩን ተናገረ ማለት ነው። ሌሎቹ ጠቋሚዎች ግን በደም እንጂ በሽንት አይለኩም፤ ትርጉማቸውም እንዲህ ቀላል አይደለም።

ከፅንሱ ጉበት ወደ እናት ደም

ከሁሉም ረጅም ታሪክ ካላቸው ጠቋሚዎች አንዱ አልፋ ፌቶ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን በዋናነት የሚሠራው የፅንሱ ጉበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በስኮትላንድ ኤዲንብራ ይሠሩ የነበሩት ብሮክና ሰትክሊፍ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የጭንቅላት ወይም የአከርካሪ ክፍተት ባለባቸው ፅንሶች ዙሪያ በሚገኘው የሽርት ውሃ ውስጥ ፕሮቲኑ ከልክ በላይ እንደሚገኝ ገለጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መርፌ ወደ ማኅፀን ሳይገባ በእናቲቱ ደም ብቻ መለካት ተጀመረ።

ሐኪሞች ብዙም ሳይቆዩ ሌላ ነገር አስተዋሉ። ፕሮቲኑ በደማቸው ከፍ ብሎ የተገኘባቸው፣ ፅንሱ ግን ምንም ክፍተት የሌለበት እናቶች ነበሩ። ከእነዚህ መካከል የፅንስ ዕድገት መቀጨጭ፣ የእርግዝና ደም ግፊት፣ የእንግዴ ልጅ ያለጊዜው መላቀቅና የፅንስ ሞት ከሌሎች እናቶች ይልቅ በብዛት ታየ። ምክንያቱ ግድግዳው ነው። በፅንሱ ደም ውስጥ ያለው የፕሮቲኑ መጠን በእናቲቱ ደም ካለው በአስር ሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ግድግዳው በጥቂቱ ቢሳሳ ወይም ቢቀደድ እንኳ በእናቲቱ ደም ውስጥ ያለው ልኬት ወዲያውኑ ይጨምራል። በሌላ አነጋገር ፕሮቲኑ የሚያፈስ ጣሪያን እንደሚያጋልጥ የዝናብ ጠብታ ነው።

ይኸው ባሕርይ በእርግዝና ወቅት ለሚደረጉ የመርፌ ሂደቶች ጠቃሚ ሆነ። የሽርት ውሃ ናሙና መውሰድ አብዛኛውን ጊዜ ከ15ኛው ሳምንት በኋላ፣ ከእንግዴ ልጁ ራሱ ቅንጣት መውሰድ ደግሞ ከ10ኛው ሳምንት በኋላ የሚከናወኑ ሂደቶች ናቸው። ዓላማቸው የፅንሱን የዘር ቅንጣቶች ወይም ኢንፌክሽን መመርመር ነው። በሠለጠነ ባለሙያና በአልትራሳውንድ እየታየ ሲሠራ በሂደቱ ሳቢያ ፅንስ የመውረድ አደጋ ከ1 በመቶ በታች ነው። መርፌው በእንግዴ ልጁ በኩል ሲያልፍ ግን የፅንሱ ደም ወደ እናቲቱ ሊፈስ ይችላል። መፍሰሱን ለማወቅ ከሂደቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከሂደቱ በኋላ ሌላ ጊዜ ደም ተቀድቶ የፕሮቲኑ መጠን ይነጻጸራል። ሁለተኛው ልኬት ጎላ ብሎ ከጨመረ የፅንሱ ደም ተሻግሯል። እንግዴ ልጁ በማኅፀን የፊት ግድግዳ ላይ ተቀምጦ መርፌው አቋርጦት በሚያልፍበት ጊዜ ጭማሪው ከፍ እንደሚል በተደጋጋሚ ታይቷል።

ከዚህ የሚመነጭ አንድ ቀላል ደንብ አለ። ለአከርካሪ ክፍተት ምርመራ የሚሆነው የእናት ደም ምንጊዜም ከመርፌው በፊት መቀዳት አለበት። ከመርፌው በኋላ የተቀዳ ደም ከፍ ያለ ውጤት ቢያሳይ፣ ምክንያቱ የፅንሱ ችግር ይሁን የመርፌው ቀዳዳ መለየት አይቻልም፤ ቤተሰቡም በከንቱ ይጨነቃል።

ቁጥሩ ብቻውን አይነበብም

በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የሚወጣው አሃዝ ብቻውን ትርጉም የለውም። የሚነበበው በዚያው የእርግዝና ሳምንት ላይ ካሉ ጤናማ እናቶች መካከለኛ ልኬት ጋር ተነጻጽሮ ነው። ለምሳሌ በአንድ ላቦራቶሪ የ16ኛው ሳምንት መካከለኛ ልኬት 40 ቢሆንና የአንዲት እናት ውጤት 100 ቢሆን፣ ውጤቱ የመካከለኛው 2.5 እጥፍ ነው ይባላል። ብዙ ላቦራቶሪዎች ተጨማሪ ምርመራ የሚያዝዙት ልኬቱ ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ ሲደርስ ነው። መንታ ያረገዘች እናት ያለምንም ችግር ከፍ ያለ ልኬት ይኖራታል፤ ክብደቷ ከፍ ያለ እናት ደግሞ ደሟ ስለሚበዛ ልኬቷ ይቀንሳል።

ዋነኛው የስሕተት ምንጭ ግን የቀን ቆጠራ ነው። በ15ኛውና በ20ኛው ሳምንት መካከል ፕሮቲኑ በየሳምንቱ 15 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ የሁለት ሳምንት ስሕተት ጤናማውን እናት ታማሚ ሊያስመስል ይችላል። በገጠር ብዙ እናቶች የመጨረሻ የወር አበባቸውን የሚያስታውሱት በበዓላት ነው። ይህ ሊናቅ የሚገባው ሳይሆን እጅግ የሚጠቅም መረጃ ነው። የወር አበባዋ በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 የጀመረ እናት በጥምቀት ዕለት፣ ጥር 11 ስትደርስ 114 ቀን፣ ማለትም 16 ሳምንት ከ2 ቀን ይሆናታል። “በመስቀል ሰሞን” እና “በመስቀል ዕለት” ግን የተለያዩ ናቸው፤ ባለሙያውም አጥብቆ መጠየቅ አለበት። የኢትዮጵያን ቀን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲቀይሩ መሳሳትም የተለመደ ስለሆነ፣ በክትትል ካርዱ ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ቢገለጽ ይመረጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ የአልትራሳውንድ ምርመራ እንዲደረግ የሚመክረው በከፊል ይህንኑ የቀን ጥርጥር ለማጥራት ነው።

ሾተላይና 72ቱ ሰዓታት

የሁለቱ ደሞች መቀላቀል ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው የእናቲቱ ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ደግሞ አርኤች ፖዘቲቭ ሲሆን ነው። በአማርኛ ሾተላይ የሚባለው ሁኔታ በአብዛኛው የሚያያዘው ከዚህ ጋር ነው። ሾተላይ ለዘመናት ሕፃናትን እንደሚነጥቅ መንፈስ ሲቆጠር ኖሯል፤ ልጅ የማይቆይላት ሴትም ክታብ ከማሰር አልፎ ትዳሯን እስከማጣት ደርሳለች። በእርግጥ ሕፃን በተደጋጋሚ የሚሞተው በአርኤች ብቻ አይደለም፤ የደም ግፊት፣ ቂጥኝና ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። የደም ዓይነት ግን በጥቂት ደቂቃ የሚታወቅ በመሆኑ በቅድሚያ መጣራት ያለበት እርሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፅንሱ ቀይ የደም ሴሎች በወሊድ፣ በውርጃ፣ በመርፌ ሂደት ወይም በአደጋ ወደ እናቲቱ ሲገቡ ሰውነቷ እንደ ጠላት ይቆጥራቸውና ፀረ እንግዳ አካላት ያመርታል። ምርቱ ጊዜ ስለሚወስድ የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ በሰላም ይወለዳል። በሚቀጥለው እርግዝና ግን ፀረ እንግዳ አካላቱ እንግዴ ልጁን ተሻግረው የፅንሱን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳሉ። ፅንሱ ደም ያንሰዋል፤ ሰውነቱ ውሃ ይቋጥራል፤ ሲወለድም ብርቱ የቆዳ መቢጨት ይታይበታል፤ አለዚያም በማኅፀን ይሞታል። በኒውዚላንድ ኦክላንድ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ዊሊያም ላይሊ እ.ኤ.አ. በ1963 በማኅፀን ላለ ፅንስ ደም በመስጠት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳክቶላቸዋል።

መከላከያው አንቲ-ዲ የተባለ መርፌ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። የተሻገሩትን የፅንስ ሴሎች የእናቲቱ ሰውነት ሳያስተውላቸው ያስወግዳል። መርፌው የሚሠራው ከሰው ፕላዝማ ነው። ጄምስ ሃሪሰን የተባሉ አውስትራሊያዊ ለዚህ መድኃኒት የሚሆን ደማቸውን 1,173 ጊዜ ለግሰዋል፤ ያረፉትም እ.ኤ.አ. በ2025 በ88 ዓመታቸው ነው። አርኤች ኔጌቲቭ የሆነች እናት መርፌውን በ28ኛው ሳምንት አካባቢ፣ የተወለደው ሕፃን ደም ፖዘቲቭ ከሆነም ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ትወስዳለች። ውርጃ፣ ከማኅፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና፣ የሽርት ውሃ ናሙና መውሰድ፣ የተገለበጠን ፅንስ ከውጭ ማዞር፣ ከበቅሎ ወይም ከባጃጅ መውደቅ፣ በሆድ ላይ የሚያርፍ ምትና ኃይል ያለበት የሆድ መታሸትም መርፌውን ሊያስፈልጉ ይችላሉ። 72 ሰዓቱ ቢያልፍም መርፌው ሊጠቅም የሚችልበት ጊዜ ስላለ ተስፋ ቆርጦ መቅረት አይገባም። ሰውነቷ አስቀድሞ ፀረ እንግዳ አካላት ካመረተ ግን መርፌው አይመልሰውም። ኩምብስ የሚባለው የደም ምርመራ አስቀድሞ የሚደረገውም ለዚህ ነው።

ምን ያህል መርፌ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው የተሻገረው የደም መጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ክላይሃወር፣ ብራውንና ቤትከ ያስተዋወቁት ምርመራ እስከ ዛሬ ያገለግላል። የእናቲቱ ደም በመስታወት ላይ ተቀብቶ በአሲድ ሲታጠብ የአዋቂ ሴሎች ቀለማቸውን ያጣሉ፤ የፅንስ ሴሎች ግን አሲዱን ስለሚቋቋሙ ቀይ ሆነው ይቀራሉ። ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ይቆጥራቸዋል። 300 ማይክሮ ግራም የሆነ አንድ መርፌ 30 ሚሊ ሊትር ያህል የፅንስ ደም ይሸፍናል። ከዚያ በላይ ከፈሰሰ መጠኑ ይጨመራል። ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥትና የሠለጠነ ዓይን ነው።

መርፌው በሁሉም የጤና ተቋም ስለማይገኝና ዋጋውም ስለሚከብድ፣ የትና በስንት እንደሚገኝ በክትትሉ መጀመሪያ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ መፈለግ ከተጀመረ ሦስት ቀን አጭር ናት፤ በተለይ መንገድ ለሌለው ቀበሌ።

የደም ግፊቱ ምንጭ

በእርግዝና አጋማሽ ላይ የሚመጣው ከፍተኛ የደም ግፊት፣ በሕክምናው ስም ፕሪኤክላምፕሲያ፣ ሥሩ ያለው እንግዴ ልጁ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የእንግዴ ልጁ ሴሎች ወደ ማኅፀን ግድግዳ ገብተው ጠባቦቹን የደም ሥሮች ማስፋት ነበረባቸው። ይህ በአግባቡ ካልተፈጸመ እንግዴ ልጁ አየር ያጥረዋል። መስኖው በጠበበበት ማሳ ሰብሉ እንደሚጠወልግ ማለት ነው። የተጨነቀው እንግዴ ልጅ ኤስ-ፍልት-1 የተባለ ፕሮቲን በብዛት ወደ እናቲቱ ደም ይለቃል። ይህ ፕሮቲን የደም ሥሮችን ጤና የሚጠብቀውን የእንግዴ ልጅ ዕድገት ፋክተር፣ በአሕጽሮት ፒኤልጂኤፍ፣ ይዞ ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። ግፊቱ ይጨምራል፤ ኩላሊት ፕሮቲን ማፍሰስ ይጀምራል፤ ጉበትና አእምሮም ይጎዳሉ። የሁለቱ ፕሮቲኖች ግንኙነት ግልጽ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በታተሙ የአሜሪካ ጥናቶች ነው።

ዛሬ በበለጸጉ ሀገራት ሁለቱ ተለክተው አንዱ ለሌላው ይካፈላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ በሽታው በተጠረጠረባት እናት ውጤቱ 38 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በሚቀጥለው አንድ ሳምንት ውስጥ በሽታው እንደማይነሣ ከ99 በመቶ በላይ እርግጠኛ መሆን ይቻላል። ይህ ብዙ እናቶችን ከአላስፈላጊ የሆስፒታል አልጋ ያድናል። እ.ኤ.አ. በ2019 በብሪታንያ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የፒኤልጂኤፍ ልኬት ለሐኪሞች ሲገለጥ በሽታው የሚታወቅበት ጊዜ ከ4.1 ቀን ወደ 1.9 ቀን ማጠሩን አሳይቷል። በዚህ በሽታ ሁለት ቀን ብዙ ነው።

ለአብዛኛዋ የኢትዮጵያ እናት እነዚህ ምርመራዎች በቅርብ አይገኙም። ይሁን እንጂ በሽታውን የሚገልጡ ሁለት ርካሽ መሣሪያዎች በየጤና ጣቢያው አሉ፤ እነርሱም የደም ግፊት መለኪያና የሽንት ፕሮቲን መለያ ወረቀት ናቸው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊቷ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ እናት ወደ ቤቷ ያለ ተጨማሪ ምርመራ መመለስ የለባትም። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም፣ የፊት እብጠት፣ ደም መፍሰስና የፅንስ እንቅስቃሴ መቀነስ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው። በሽታው ወደ መንዘፍዘፍ ሲደርስ እንደ ልክፍት ተቆጥሮ ጸበልና ሐኪም ቤት ማማረጥ ከተጀመረ የሁለት ሰው ሕይወት ያልፋል። ማግኒዚየም ሰልፌት የተባለው መድኃኒት የመንዘፍዘፍ አደጋን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2002 በተረጋገጠ ጥናት ታውቋል።

አስቀድሞ መከላከልም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ከፍተኛ ስጋት ያለባቸውን እናቶች በ11ኛውና በ14ኛው ሳምንት መካከል በእንግዴ ልጅ ጠቋሚዎች፣ በደም ግፊትና በአልትራሳውንድ ለየ፤ በቀን 150 ሚሊ ግራም አስፒሪንም ሰጣቸው። ከ37ኛው ሳምንት በፊት የሚነሣው በሽታ ከ4.3 በመቶ ወደ 1.6 በመቶ ወረደ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ 75 ሚሊ ግራም ይመክራል፤ በምግባቸው ካልሲየም ለሚያንሳቸው እናቶችም የካልሲየም እንክብል እንዲሰጥ ያሳስባል። ይህ ሁሉ ግን ቀደም ብሎ ክትትል ለጀመረች እናት ነው፤ አስፒሪኑ ከ20ኛው ሳምንት በፊት መጀመር ስላለበት በአምስተኛ ወሯ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመጣ እናት ጊዜው እያለፈባት ነው። አስፒሪን በየሱቁ ስለሚሸጥም በራስ ፈቃድ መጀመር አይገባም፤ የሚከለከሉ እናቶች አሉ።

እንግዴ ልጁ ሲበላሽ

አልፎ አልፎ እርግዝናው ፅንስ ሳይኖረው እንግዴ ልጁ ብቻ በውሃ የተሞላ የወይን ዘለላ መስሎ ያድጋል። ሞላር እርግዝና ይባላል። ማቅለሽለሹ ይበረታል፤ ደም ይፈሳል፤ ሆዱም ከወሩ በላይ ያድጋል። ማኅፀኑ ከተጠረገ በኋላ ኤችሲጂ በየሳምንቱ እየተለካ መውረዱ ይረጋገጣል። መውረዱን ትቶ ከቆመ ወይም እንደገና ከወጣ የቀረ ሕዋስ እያደገ ነው፤ ወደ ካንሰር ሊለወጥም ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት በእጅጉ ይድናል። ደም መፍሰሱ ቆመ ብሎ ክትትሉን ማቋረጥና በመካከሉ ማርገዝ ግን አደገኛ ነው፤ አዲሱ እርግዝና ኤችሲጂውን ከፍ ስለሚያደርግ በሽታውን ይሸፍነዋል።

የዘር ቅንጣት ፍለጋ

እ.ኤ.አ. በ1997 ዴኒስ ሎ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በነፍሰ ጡሮች ደም ፈሳሽ ክፍል ውስጥ የፅንስ የዘር ቅንጣት ስብርባሪ እንዳለ አስታወቁ። የፅንስ ይባል እንጂ ስብርባሪው በአብዛኛው የሚመነጨው ከእንግዴ ልጁ ነው። አልፎ አልፎ የእንግዴ ልጁና የሕፃኑ ዘር ስለሚለያይ፣ በዚህ ምርመራ የተገኘ ችግር እርግዝናን የሚመለከት ከባድ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት በሽርት ውሃ ናሙና መረጋገጥ አለበት።

ዴንማርክና ኔዘርላንድስ ይህን ዘዴ ለአርኤች ጉዳይ ይጠቀሙበታል። አርኤች ኔጌቲቭ ከሆነች እናት ደም ተቀድቶ የፅንሱ የደም ዓይነት ሳይወለድ ይታወቃል፤ ፅንሱም ኔጌቲቭ ከሆነ በእርግዝና ወቅት የሚሰጠው መርፌ ይቀርላታል። ምርመራው በሌለበት ስፍራ የዚህን ሥራ የተወሰነ ክፍል የሚሠራው የአባት የደም ዓይነት ነው። እናትም አባትም ኔጌቲቭ ከሆኑ ልጁም ኔጌቲቭ ይሆናል፤ አንቲ-ዲ መግዛትም አያስፈልግም። አባት ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ ቤተሰቡ ለመርፌው ገንዘብ ማዘጋጀት የሚጀምረው ሚስት ለመጀመሪያ ክትትል በሄደች ዕለት ነው። ስለዚህ የነፍሰ ጡር ባል ሚስቱን ጤና ጣቢያ ካደረሰ በኋላ በር ላይ ከመጠበቅ ይልቅ ገብቶ እርሱም ጣቱን ቢወጋ ይመረጣል።